እንጀራን ማባያ ያደረግሁበት በጋ

መጀመሪያ ያየሁት ከእምብርቴ በታች አንድ ጉብታ ነው። ለመስቀል የሚደርስ የሰው ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ፍም የሞላውን ካውያ ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ሆዴ ላይ አንድ ነገር ሹልክ ብሎ የወጣ መሰለኝ። ስዳስሰው ሎሚ ያክላል። ጫን ስለው ገባ። ስስል ተመልሶ ወጣ። አላመመኝም፤ ስለዚህ ቀሚሱን ጨርሼ ለባለቤቱ ሰጠሁና ለማንም ሳልናገር መስቀልን አከበርኩ።

ጉብታው የወጣው በድሮው ጠባሳዬ ላይ ነው። ልጄን ሰላምን የወለድኳት ደሴ ድረስ ሄጄ በኦፕሬሽን ነበር። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ሽሮልኝ ላሊበላ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ያውም በእግር በሚረገጥ መኪና። ባለቤቴ ሞላ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት የምንውለው እኔ፣ ሰላምና የሞላ እናት ነን። እናቱ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ስለሆኑ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው።

ወፍራም ነበርኩ። ደብቄ የማልፈው ነገር አይደለም። ቀን ሙሉ ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ ሻይ በስኳር አበዛለሁ፣ የሾፌር ቤት ስለሆነም ዳቦ አይጠፋም። ዘመኑ ደግሞ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ያለፈበት ነው። አገሬው አጥንቱ ገጦ ሳለ እኔ የቀሚሴን ጎን እየፈታሁ ጨርቅ እጨምርበት ነበር። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስገባ «ቡርዧዋ መጣች» ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ። ሰው በረሃብ ባለቀበት አገር መወፈር እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

በጥቅምት ጉብታው ብርቱካን አከለ። አንድ ቀን ጣቃ ጨርቅ ሳነሣ ወጣና አልመለስ አለ። ጠጠረ። አስመለሰኝ። በጀርባዬ ተኛሁ። እማሆይ እግሬን ከፍ አድርገው ያዙልኝ። ቆይቶ ገባ። በማግስቱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየኝና ሄርንያ መሆኑን፣ አንጀቴ በድሮው ስፌት ሾልኮ እየወጣ መሆኑን ነገረኝ። ሳትውዪ ሳታድሪ ደሴ ሂጂ አለኝ።

ደሴ ያዩኝ ቀዶ ሐኪም ወሬ የማያበዙ፣ ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አስተኝተው አሳሉኝ፤ አስቁመውም አሳሉኝ። ሚዛን ላይ አወጡኝ። ከዚያ «በዚህ ስብ ላይ ብሰፋው ተመልሶ ይከፈታል። ኪሎ ቀንሺና ከክረምት በፊት ነይ» አሉኝ። ጉብታው ዳግመኛ ጠጥሮ አልገባ ካለ የታፈነው አንጀት በሰዓታት ውስጥ እንደሚሞት፣ እኔም በዚያው እንደምሞት አልደበቁኝም። ክረምት ሲገባ ደግሞ የላሊበላ መንገድ ለመኪና ይዘጋል። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዝናቡ ሳይቀድመኝ መክሳት አለብኝ። ሰላም ገና ሕፃን ናት። እንዴት እንደምቀንስ ግን አልነገሩኝም፤ ደጅ የቆመው ሰልፍ ረጅም ነበር። እኔም መቀነስ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብዬ አልጠየቅሁም።

ልጅ ሆነን ትሪ ስንከብ የእናቴ ዓይን ጣታችን ላይ ነበር። እንጀራ አብዝቶ ቆርሶ ወጡን ነካ የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ነው። እንጀራውን አሳንሶ ወጥ የሚዝቅ ስግብግብ ነው። ወጥ ማባያ ነው፣ እንጀራውን ለማስዋጥ የሚቀርብ። ስለዚህ ቀንሺ ስባል መጀመሪያ የቀነስኩት ወጡን ነው። ሽሮውን አቀጠንኩት። ቆየት ብዬ ጭራሽ ተውኩትና እንጀራዬን በአዋዜ መብላት ጀመርኩ። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው ሲሉኝ ስእለት አለብኝ እላለሁ። እንቁላሉንና አይቡን የሚያወፍሩ ናቸው ብዬ ለሰላም ተውኩላት።

ወገቤን በስፌት ሜትሬ እለካለሁ። ይቀንሳል። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ የቀሚሴን ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማጥበብ ፈታሁት።

ከገና በኋላ ነገሩ ዞረ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። መቀስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉን ጥቂት ረግጬ አርፋለሁ። ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ። ሲመሽ እግሬ ያብጣል። ጉብታው ግን እዚያው ነው። ፈራሁ።

ጥምቀት እንዳለፈ ሞላ ደሴ ወሰደኝ። ሚዛኑ ብዙ ኪሎ እንደጣልኩ ሲያሳይ ዶክተሩ ጎሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ክንዴን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ቆዳው ተንጠለጠለ። ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሡ ጉድጓዱ ቀረ። ይህ የውሃ እብጠት ነው፣ ኤዴማ ይባላል አሉ። ምን እንደምበላ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ቀጥለው ሥራዬን ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው።

«የነተበ ጨርቅ ብትሰፊ ምን ይሆናል?»

«ክሩ ይይዛል፤ ጨርቁ ይቀደዳል።»

«ሆድሽ አሁን እንደዚያ ነው። የጣልሽው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻሽንም ነው። ዛሬ ብሰፋሽ ክሬ ይይዛል፣ አንቺ ትቀደጃለሽ።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ያን ቀን ሰልፉን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሽንቴን አስመርምረው ኩላሊቴ ደኅና መሆኑን ካዩ በኋላ ስለ ፕሮቲን አስረዱኝ። ሰውነት ምግብ ሲቀንስበት በቂ ፕሮቲን ካላገኘ የራሱን ጡንቻ እየበላ ይኖራል። ስለዚህ ኪሎ የሚቀንስ ሰው ፕሮቲን ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይበቃውም። መጠኑ ልደርስበት በምፈልገው ኪሎ ልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከአንድ ግራም በላይ፣ እስከ አንድ ግራም ተኩል። ግራም የሚባለው ምን እንደሚያህል እንዳላወቅሁ ከፊቴ ሳይረዱ አልቀሩም፤ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አነሡ። በዚህ ሦስት ብርጭቆ ደረቅ ጥራጥሬ በቀን፣ ለጠዋት፣ ለቀትርና ለማታ ተከፍሎ። በፍስክ ቀን በአንዱ ብርጭቆ ፈንታ ሁለት እንቁላልና አንድ ስኒ አይብ። የሚቀነሰው እንጀራው፣ ዳቦው፣ ስኳሩና ዘይቱ ነው። ወገቤን ብቻ ሳይሆን ክንዴንም እንድለካ አዘዙኝ፤ ወገቤ ሲቀንስ ክንዴ ባለበት ከቆየ የሚሄደው ስቡ ነው።

«እንጀራውን ማባያ አድርጊው» አሉኝ ስወጣ።

ቤቴ ገብቼ በዚያው ቀን ምስር ለቀምኩ። ምግቡን መሥራት አልከበደኝም፤ የከበደኝ ትሪው ፊት መቀመጥ ነው። መዳፍ በምታህል ቁራሽ እንጀራ ያን ሁሉ ምስር ስዝቅ፣ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ እጄን የምትመታኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ምሳ ላይ ደርሳ አብራን ቀረበችና ዓይኗን ከእጄ አልነቅል አለች። ሰው እየከሳሁ ነው እያለ እንዲህ ይበላል እንዴ ብላ ለእማሆይ በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ እኔም ሰማሁ።

እማሆይ ግን ጮክ ብለው ነው የመለሱላት። «ዝም በያት ሆዴ። ወጥ መሰለሽ እንዴ? እሷ ሆዷ የሚሸመንበትን ክር ነው የምትበላው።»

ከዚያ ወዲያ እፍረቱ ለቀቀኝ። ጠዋት የሽምብራ ንፍሮ፣ ቀትር ላይ ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም ሽሮ፣ ማታ ምስር ወይም የባቄላ እልበት እያፈራረቅሁ እበላለሁ፤ ንፍሮው ሆዴን ሲነፋኝና ጉብታው ሲወጠር ደግሞ እህሉን አሳድሬ ዘፍዝፌ ውሃውን መድፋት ተማርኩ። ሸክም ስለተከለከልኩ በየጠዋቱ በብልባላ መንገድ እስከሚደክመኝ እሄድና እመለሳለሁ። ጥራጥሬ በዚያ ዓመት ውድ ነበር፣ ገበያም ላይ እንደልብ አይገኝም፤ ሞላ ግን ወደ ኮንና ወደ ወገል ጤና በጫነ ቁጥር የደላንታን ምስር በከረጢት ይዞልኝ ይመጣል። እግሬ ማበጡን ከመተዉ በፊት ጉልበቴ ተመለሰ፤ ፔዳሉን ሳላርፍ ረግጬ አንድ ሙሉ ቀሚስ የጨረስኩ ዕለት ሰላምን አቅፌ ሳቅሁ።

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እንቁላል ይፍቀዱልኝ ልል ነበር። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ሐኪሙ ምስር ይበቃታል ብሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎን፣ መጠኑ ከተሟላ ይበቃል ብለዋል አልኳቸው። «ታዲያ እኔ ምኑን ልፍታልሽ?» አሉኝና ፈገግ አሉ። ቀጥለው ግን ኮስተር ብለው «ሰዓቱን ተይው። አንቺ በሽተኛ ነሽ፤ ጠዋት ብዪ» አሉኝ። አገር ሁሉ በሚጾምበት በሁዳዴ ጠዋት ተቀምጦ መብላት ለእኔ ከረሃብ የባሰ ከባድ ነበር። ግን በላሁ። እማሆይ በበኩላቸው ሠርክ ደርሶ ሲመለሱ ጓዳቸው ገብተው ብቻቸውን ይቀምሳሉ፤ የመነኮሳት ወግ ነው ብለን ማንም አይጠይቃቸውም።

መክሳቱ እንደ መጀመሪያው አልፈጠነም። ሜትሩ ለሳምንታት ፍንክች የማይልበት ጊዜ ነበር። ያኔ ስኳሩን ጨርሼ አቆምኩ፣ መንገዴን አስረዘምኩ፣ ከብርጭቆዎቹ ግን አንዲትም አላጎደልኩም። ወገቤ ቀስ እያለ ወረደ። ክንዴ ባለበት ቆየ።

በግንቦት ደሴ ገባሁ። ዶክተሩ ክንዴን ያዙ። ቅልጥሜን ተጫኑ። ጉድጓድ የለም። «አሁን ጨርቁ ይይዛል» አሉ። በማግስቱ ወሰዱኝ። መብራቱን አየሁ። ማደንዘዣ ሰጡኝ። የሰላምን ስም ጠራሁ። ስነቃ ሆዴ ታስሯል፣ ሞላ አጠገቤ ቆሟል። አልሞትኩም። ትኩሳት አልመጣም፤ ቁስሉም መግል አልያዘም። ክሩን ሲያወጡልኝ ጠባሳው ገጥሟል። ዶክተሩ አስቁመው አሳሉኝ፤ ምንም አልወጣም።

ላሊበላ የደረስነው ደመናው እየከበደ ሳለ ነው። ገና ከባድ ነገር አላነሣም፤ ከአልጋ የሚያነሡኝ እማሆይ ነበሩ። አንድ ጠዋት ክንዴን ይዘው ሊያነሡኝ ሲሉ ራሳቸው ተንገዳግደው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ። ክንዳቸውን አየሁት። ቆዳው ተንጠልጥሏል። እጄን ዘርግቼ ቅልጥማቸውን ተጫንኩት። ጉድጓዱ ቀረ።

ሁዳዴ አጋማሽ ላይ የሞላን መኪና መንግሥት ለዘመቻ ጭነት ወስዶት ነበር፤ ለሳምንታት ምስር አላመጣልንም። የእኔ ሦስት ብርጭቆ ግን አንድም ቀን አልጎደለም። ለምን እንዳልጎደለ ያን ጠዋት ገባኝ። መኪናው ከተመለሰ በኋላም ሳይተዉ የራሳቸውን ድርሻ እኔ ድስት ውስጥ እየጨመሩ፣ ጓዳቸው ገብተው ደረቅ እንጀራ በጨው ሲበሉ ነው የከረሙት። ምን ሆነው ነው እንዲህ ያደረጉት ብዬ እያለቀስኩ ጠየቅኋቸው።

«እኔን ማን ሊሰፋኝ ነው ልጄ?» አሉኝ።

አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም። እኔን እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ሞላን የንስሐ አባታችን ዘንድ ላክሁት። መጥተው ሰዓቱን እንዲተዉና የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዘዟቸው፤ መነኩሲት ደግሞ ከአባቷ ትእዛዝ አትወጣም። ያን ክረምት ሙሉ ወጣቸውን በሌላ ድስት ለብቻ ሠራሁ። ፍልሰታ ሳይገባ የእግራቸው እብጠት ሄደ።

ይህን የምጽፈው ኪሎ ቀንሱ ለተባላችሁ ሰዎች ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስንት ፕሮቲን ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ጠይቁ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው የእኔን ልክ አይከተል፤ መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። የሽሮ ወጥ በላሁ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ምን ያህል ሽሮ እንደገባበት ተመልከቱ። ከወገባችሁ ጋር ክንዳችሁን ለኩ። ሄርንያ ያለባችሁ ደግሞ ጉብታው ጠጥሮ አልገባ ካለና ካስመለሳችሁ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲታከም የሌሎቹንም ክንድ እዩ።

ዶክተሩን ደሴ ድረስ ሄጄ አመስግኛቸዋለሁ። ሞላን በየቀኑ አመሰግነዋለሁ። እማሆይን ግን ላመሰግናቸው በጀመርኩ ቁጥር ዝም በይ ስለሚሉኝ፣ ለእሳቸው ምስጋና ሳይሆን ምሳ ነው የማቀርበው። ከእኔ በፊት አቀርብላቸዋለሁ፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስም ከአጠገባቸው አልነሣም።