የፈተናውን ውኃ ማን ጠጣው?

ሰቆጣ ዳር ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የኬሚስትሪን ላብራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ያቆመችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጥሩሐረግ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። መምህር ይመጣል፣ መምህር ይሄዳል፤ አንዱ ለዶክትሬት፣ አንዱ ለትዳር። እሷ ግን ነጭ ጋዋኗን አጥልቃ ብርጭቆ ታጥባለች፣ አሲድ ትለካለች፣ ከሁሉ በላይ ውኃ ታጣራለች። የአገሩ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ሳይጣራ ከገባ የፈተናው ውጤት ሁሉ ይንጋደዳል። ስለዚህ መብራት ባለ ቀን ማጣሪያ ማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ ጠብ ጠብ የሚለውን ትጠብቃለች።

ለሦስተኛ ዓመቶች የተግባር ፈተና አሥራ ሁለት ሊትር ለማጠራቀም መብራቱ እየተቆራረጠ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ፈተናው ሁለቴ ተራዝሟል፤ ዛሬ ካልተፈተኑ ምርቃቱ ያልፋቸዋል።

ጠዋት ጀሪካኑን ብታነሣው ቀለላት። ባዶ!

"ውኃዬን ማን ነካው?" ኮሪደሩ ተናወጠ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይስማው ከቢሮው ብቅ አለ። "ጥሩዬ፣ ምነው በጠዋቱ? ትናንት ለመምህር ቢሆነኝ ሽኝት ሻይ አፈላንበት፣ ብርጭቆም አጠብንበት እኮ። ቧንቧው ከሄደ ሳምንቱ! ደግሞ ውኃ ውኃ ነው።"

የፊዚክስ መምህር ቢለው እንኳ ባለፈችው። የኬሚስትሪ ዶክተር!

በሩ ላይ ከተኮለኮሉት ተማሪዎች የአንዷ፣ የፅዮን፣ እንባ መጣ። "አባቴ ለምርቃቴ ከጽጽቃ ተነሥቷል..."

"እንግዲህ ለሰኞ እናራዝመዋ" አለ ዶክተሩ።

የጥሩሐረግ ደም ፈላ። እስከዛሬ "እርስዎ" እንጂ "አንተ" ብላ ጠርታው አታውቅም። "ስማ አንተ! ሻዩን የቀመሰ ሁሉ ጀሪካን ያንሣ! ምንጩ ያውልህ ከቁልቁለቱ በታች። አንተ ፊት ሁን!"

"ኧረ ስብሰባ አለኝ..."

"ስብሰባህ ምንጩ ዳር ነው!"

ሰባት መምህራን ከነከረባታቸው ውኃ ተሸክመው ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ። ተማሪው ዳር ዳር ቆሞ፣ "ዶክተር፣ ሻዩ ስኳር ነበረው?" ይላል።

ጥሩሐረግ አንዴ ማርያምን እየጠራች፣ አንዴ መምህራኑን እየተራገመች ማሽኑን አስነሣች። አራተኛው ሊትር ላይ መብራት ድርግም! ያለውን ለሃያ አራት ተማሪ በሲሊንደር እየለካች አደለች። "አንዴ ብቻ ነው የምታለቀልቁት፤ ያፈሰሰ ወዮለት!"

ፈተናው ተጀመረ። ዶክተር ይስማው ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ በሩን ገፋ አደረገ። "አየሽ፣ ተሳካ አይደል? ታዲያ ምን ያስቆጣል?"

"ዘጠኝ ቀኔን ጠጥተህ ምን ያስቆጣል ትላለህ?" አለችና በሩን በፊቱ ጠረቀመችው።