ከጉርሻው ጋር የዋጥኩት

ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል። ሰመራ አብረውኝ የሚያስተምሩት ሰዎች ኮድ ሲጽፉ እንዳላይባቸው ስክሪናቸውን ያዞራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነገረኛ ነኝ። መምህሬ ፊት ስቀርብ ግን ያ ምላስ የት እንደሚገባ አላውቅም።

መምህሬ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው አዋሽ ይኖራሉ፤ ግን ቁጭ ማለት የት ያውቃሉ! ለመስኖ ፓምፖች አንድ ነገር ሠሩ። በአንድ ገመድ ላይ ብዙ የውሃ መለኪያ ይሰካል፤ መለኪያዎቹ በየተራቸው ከኮምፒውተሩ ጋር ያወራሉ። ይህን የጋራ መስመር ባስ እንለዋለን። አዲስ ባስ ሲመጣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ እንዲያውቀው ድራይቨር የሚባል ኮድ ይጻፍለታል። ኮዱ ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የሊኑክስ ሆድ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ዓለም ሁሉ በሚያነበው የኢሜይል መድረክ ላይ ሌሎች መርምረው ስማቸውን ሲያኖሩበት ነው። "አንቺ ካላየሽው ልቤ አያርፍም" ብለው ላኩልኝ።

አየሁት። የሚያምር ሥራ ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ፣ መለኪያው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ኮዱ የቆለፈውን ሳይከፍት ይወጣል። ሽንት ቤት ገብቶ፣ ከውስጥ ቆልፎ፣ በመስኮት እንደወጣ ሰው ማለት ነው፤ ውጭ የተሰለፈው ሲጠብቅ ይኖራል። አንድ መለኪያ በተበላሸ ቁጥር ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

የሌላ ሰው ቢሆን ሻዬ ሳይበርድ እጽፍለት ነበር። የመምህሬን ስህተት ግን ዓለም ፊት? ኧረ በስመአብ! ሰው ምን ይለኛል? በስልክ መንገሩም ድፍረት መሰለኝ። ቀርቤ በጆሯቸው ልንገራቸው ብዬ መድረኩ ላይ ዝም አልኩ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እመጣለሁ ብዬ ደወልኩና በሚኒባስ አዋሽ ሄድኩ።

አጥሩ ላይ የፍየል ቆዳ ተሰጥቷል። ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ለካ መምህሬ ዝምታዬን ተርጉመውታል!

"የዚህችን ልጅ ምላስ አታውቁትም" አሉ ለእንግዶቹ፣ በኩራት። "ስህተት ብታገኝ እስካሁን ትዘለዝለኝ ነበር። እንከን ብታጣ ዝም አለች፤ ይኸው እንኳን ደስ ያለዎት ልትለኝ ከሰመራ ድረስ መጣች።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "መምህር፣ አንዲት ነገር..." ብዬ አፌን ስከፍት ባለቤታቸው ጉርሻ ከተቱበት። "በሞቴ!" አሉ። ዋጥኩ። እንደገና ስከፍት ሌላ ጉርሻ። ግን በጉርሻው አላሳብብም፤ አፌ ባዶ የሆነበትም ጊዜ ነበር። መምህሬ ወደ እኔ ዞረው "እስቲ ንገሪያቸው፣ እንዴት አየሽው?" ሲሉኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ "በጣም ጥሩ ነው" አልኩ። ያቺ ነገረኛ! በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ያኔም አልተናገርኩም።

ሚሌ ለምሳ ስንቆም ስልኬን ከፈትኩ። መምህሬ መድረኩ ላይ ጽፈዋል። ኮዳቸው ሥር ስሜ ተቀምጧል፤ "መርምራዋለች" ይላል።

ትሪውን ገፋሁት። ዝም ብል የተበላሸው ኮድ በእኔ ስም ይገባና የማላውቀው ገበሬ ፓምፕ ይቆማል። ብናገር ደግሞ መምህሬ ዓለም ፊት ውሸታም ይባላሉ። ምን አባቴ ልሁን! ሾፌሩ "እንሂድ!" እያለ ሲጮህ ጻፍኩት፤ ስህተቱን፣ ማስተካከያውን፣ ስሜም ከኮዱ ሥር እንዲነሳ። መጨረሻ ላይ "ቤትዎ መጥቼ ሳልነግርዎት ቀረሁ" ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያነበው ትዝ ሲለኝ አፈርኩና ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ አጠፋኋት። ላክሁት።

ሎጊያ ሳንደርስ መልሳቸው መጣ፤ ለሁሉም የተጻፈ።

"ልክ ናት። እቤቴ ድረስ መጥታ ነግራኝ ነበር። እርጅና ነው፣ ረስቼው ስሟን አስገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ከመስኮቱ ጋር ተጣበቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "አመመሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"ፍየል በልቼ ነው" አልኳቸው።