የሰሌዳው ግራና ቀኝ

ለፊዚክስ መምህርነት ተመድቤ አርባ ምንጭ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ጠመኔ መጣል ነበር። ያዘዙኝ የፊዚክስ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ተክሌ ናቸው። ከጎጃም መጥተው ቆላው የተስማማቸው፣ ቀጭን፣ የግራጫ ጋዋናቸው ኪስ በጠመኔ ብናኝ የነጣ ሰው ነበሩ።

«ጣለውና ያየኸውን ጻፍ» አሉኝ።

ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች በመስመር ተከፍሏል። በግራው አናት ላይ «የታየ»፣ በቀኙ ላይ «የተባለ» ይላል። እኔ ከኮሌጅ ትኩስ የወጣሁት ጎረምሳ፣ በግራው በኩል «የመሬት ስበት ጠመኔውን ሳበው» ብዬ በኩራት ጻፍሁ።

ጋሽ ተክሌ ዳስተሩን አንስተው አጠፉት። «ማርቆስ፣ መሬት እጇን ዘርግታ ስትስብ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ጠመኔው ሲወድቅ ግን አይተሃል። እሱን በግራ ጻፍ። ስበት የተባለ ነገር ነው። በደንብ የተባለ ነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ቦታው ግን በቀኝ ነው።»

በሆዴ «እኚህ ሰውዬ ጤና የላቸውም» አልሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያደግሁት በጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ ነው። አባቴ ሸንጎ ሲቀመጥ፣ ምስክር ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ ነበር። የአባቴን ጥያቄ ኮሌጅ ውስጥ ጥዬው እንደወጣሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የሙከራ ዕቃ የሚባል ነገር የለንም ማለት ይቻላል፤ ጋሽ ተክሌ ግን ከምንም ተነስተው ይሠሩ ነበር። ከባዮሎጂ ክፍል ትንንሽ መስታወት እንለምናለን። መስታወቱን ኩራዝ ላይ ይዘን ጥላሸት እናስቀባዋለን። ከዚያ ጋሽ ተክሌ ሁለት ምላጭ ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጥላሸቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይጭሩታል። ፀጉር የሚያክሉ ሁለት ጎን ለጎን ጭረቶች ይወጣሉ። እኔ ስጭር እየተጣመመ አንድ ከሰዓት ሙሉ መስታወት አበላሸሁ። እሳቸው «ጥሩ ነው፣ ጥላሸቱ አላለቀም» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን አምፖል እናበራለን። ተማሪው መስታወቱን ዓይኑ ላይ ደቅኖ በጭረቶቹ በኩል አምፖሉን ያያል። የሚያየው ሁለት ብርሃን አይደለም። ብሩህና ጨለማ፣ ብሩህና ጨለማ እየተፈራረቁ የተደረደሩ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት እንደ ልጅ ጮኽሁ። ደስታዬን ልደብቀው አልቻልሁም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ዘመናዊ ፊዚክስ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከረረ። ጋሽ ተክሌ ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች እንደሚመጣ አስተማሩ። በውጭ አገር ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ሲለቀቁ እንኳ፣ ነጥብ በነጥብ ተጠራቅመው እነዚያኑ መስመሮች እንደሚሠሩ ተናገሩ። ይህን በግራ ጻፉና ከጎኑ «ሌሎች ያዩት» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ጠየቁ፦ «አንዷ ፎቶን በየትኛው ጭረት አለፈች?»

ምህረት እጇን አወጣች። አባቷ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ልጅቷ ፈሪ አይደለችም። «ቲቸር፣ ካላየናት መንገድ የላትም ማለት ነው?»

«የሚሉ አሉ። አይ፣ መንገድ አላት፣ እኛ ነን ያላወቅነው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም በቀኝ ጻፉ።»

ይህች ጥያቄ በወጣቶች ማኅበር ውይይት ላይ ተነሳች። ከዚያም ተጋንና ከአውራጃው ካድሬ ጆሮ ደረሰች፦ «መምህሩ ካልታየ ነገር የለም ብሎ ያስተምራል።» በዚያ ጊዜ ሐሳባዊ መባል ቀልድ አልነበረም። ቁስ አካል ከሰው ኅሊና ውጭ በራሱ አለ ማለት የፖለቲካ ትምህርቱ መሠረት ነው። ይህን የካደ መምህር እንጀራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ተክሌን ቢሮ ጠርተው፣ እኔ ባለሁበት ለመኗቸው። «ጋሽ ተክሌ፣ ካድሬው ክፍልዎ ገብቶ ሊያዳምጥ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ቁስ አካል ሳይታይም አለ፣ ፎቶኗም መንገድ አላት ይበሉና እንገላገል።»

«የማውቀውን እላለሁ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ካድሬው ጓድ በላይ መጣ። ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፤ ከኋላ ተቀመጠ። ብርድ ልብሱን መስኮቶቹ ላይ ሰቀልሁ። ጋሽ ተክሌ መስታወቱን ለእሱ መጀመሪያ ሰጡት። አየ። ቆየ። ሰሌዳው ጋ ሄዶ በግራው በኩል «ብዙ መስመሮች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዞረ።

«ጓድ ተክሌ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ነገር ሳይታይ አለ ወይስ የለም?»

ምህረት ናት ሳትጠየቅ የተናገረች። «ጫሞ ውስጥ አዞ ሳይታይም አለ። አባቴ የለም ብሎ ቢገባ ይበላዋል።»

ሁሉም ሳቀ። ጓድ በላይም ሳቀ። «እሰይ! እንግዲህ ፎቶኗም እንደ አዞው ነች። በአንዱ ጭረት አልፋለች፤ እኛ ነን ያላየናት። ተስማምተናል?»

ለጋሽ ተክሌ ማምለጫ በር ተከፈተላቸው። «አዎ» ቢሉ ሁሉም ነገር ያልቃል። እኔ ከአምፖሉ አጠገብ ቆሜ «በሉ እንጂ፣ አዎ በሉ» እያልሁ በልቤ እማጸን ነበር።

ጋሽ ተክሌ ጠመኔውን በጣቶቻቸው መሐል አሽከረከሩት። «ስለ አዞው አዎ» አሉ። «ሁለት ቦይ ኖሮ አዞው በግራው ከመጣ፣ የቀኙ ቦይ ቢዘጋ ምን ገዶት? በዚያው መንገድ መጥቶ እዚያው ቦታ ብቅ ይላል። ማርቆስ፣ በአንድ ምላጭ ብቻ የጫርነውን ባለ አንድ ጭረት መስታወት ስጣቸው።»

ሰጠሁት። ጓድ በላይ አየ። መስታወቱን አወረደ፣ ጠረገው፣ እንደገና አየ።

«መስመሮቹ የሉም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሰፊ ብርሃን ብቻ ነው።»

«አንዱን መንገድ ስንዘጋው ብርሃኑ የሚደርስበት ቦታ ተለወጠ። ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ሲለቀቁም እንዲሁ ነው ይላሉ ያዩት ሰዎች። በአንዱ ጭረት ብቻ የምታልፍ ከሆነ፣ የሌላው መከፈትና መዘጋት ምኗ ነው? ስለዚህ ስለ አዞው አዎ እላለሁ። ስለ ፎቶኗ ግን አላውቅም።»

እንዲህ ያለ ድፍረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ማንንም አልሰደቡም። የማያውቁትን አላውቅም አሉ፣ በቃ።

ጓድ በላይ ጠመኔ አነሳ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ በግራው በኩል «በአንድ ጭረት፦ መስመር የለም» ብሎ ጻፈ። ሲወጣ በር ላይ ለእኔ «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ጀምሬ ነበር፤ የተማሪዎች ዘመቻው አቋረጠብኝ» አለኝ። ያየውን አላየሁም ብሎ አለማለፉን እስከ ዛሬ አከብርለታለሁ።

ውሳኔው ግን ሌላ ነበር። ጓድ በላይ ለርዕሰ መምህሩ እንዲህ አለ፦ «ሐሳባዊነት አላገኘሁበትም። ነገር ግን ለማትሪክ ተፈታኝ አላውቅም የሚል መምህር አይሆንም።» ጋሽ ተክሌ ከኃላፊነት ወርደው ዘጠነኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ተደረገ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለእኔ ተሰጠ። አፈርሁም፣ ተናደድሁም። እሳቸው ግን የምላጮቹን ጥቅል እጄ ላይ አስቀምጠው «ሳትተነፍስ ጫር» ብቻ አሉኝ።

የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ላይ ርዕሰ መምህሩ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጠዋት መክረውኛል፦ «አንተ ልጅ ነህ፣ ገና ብዙ የሥራ ዘመን አለህ።» ሰሌዳውን መሐል ለመሐል ከፈልሁት። ተማሪዎቹ በመስታወቱ አዩ። ጻፍሁ።

ምህረት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? በየትኛው አለፈች?»

ርዕሰ መምህሩን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«አላውቅም» አልሁ።

ርዕሰ መምህሩ ዞረው ሄዱ። ያልቀጡኝ ከእኔ በኋላ ክፍሉን የሚሰጡት ሌላ የፊዚክስ መምህር ስለሌላቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ደወሉ ተደውሎ ተማሪው ሲወጣ ጋሽ ተክሌ ከዘጠነኛ ክፍል መጡ። ያመሰግኑኛል ብዬ ቀና አልሁ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። በግራው በኩል «ብርሃን ሞገድ ነው» ብዬ ጽፌ ኖሯል። ዳስተሩን አንስተው አጠፉትና በቀኝ ጻፉት።

«ሞገዱን አይተኸዋል?» አሉኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የተማርሁት ይኸው ነው። ያየኸውን በግራ ጻፍ፤ ያልኸውን በቀኝ። የማታውቀውን አላውቅም በል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ክፍል ግባና አስተምር።