የሾርባው ጨው

አምና ወደ አኼራ የሄዱት አጎቴ፣ ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን የረመዳኑን ሾርባ ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። የበሬውን ቅልጥም በበርበሬ ከቀትር ጀምረው ከሰል ላይ ያንተከትኩና፣ ወደ ማታ ፓስታ ሰብረው ይጨምሩበታል። ጾመኛ ስለሆኑ አይቀምሱም። ክርስቲያኗን ጎረቤታችንን ይጠራሉ፦

«ዘውዴ፣ ነይ እስኪ ጨውን እይልኝ!»

ረመዳንና ሁዳዴ ከገጠሙ ወዲህ እትዬ ዘውዴም ሥጋ አይቀምሱም። አጎቴ ግን መጥራታቸውን አልተዉም። እትዬ ዘውዴ እንፋሎቱን አሽትተው «ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ፤ አጎቴ ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ። ሾርባው ልክ ይሆናል።

ዘንድሮ እኔ ሠራሁ፤ ጨውንም በግምቴ ሙሉ አደረግሁ። እትዬ ዘውዴ ሳይጠሩ መጡ። አሽትተው «ትንሽ ይቀረዋል» አሉ። ጨመርኩ።

ስናፈጥር ጨው በዝቶበታል። እንደ ምንም ጠጣነው።

ለካ አጎቴ ጨውን ሆን ብለው እያጎደሉ ነበር የሚጠሯቸው።