የሲሳይን ካዝና የለወጥሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኋት፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸው። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ በሐሰት መማሌን፣ የሰው ድንበር መግፋቴን ሁሉ ዘርግፌያለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋታለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ስንት ጋን ጠላ ጠጣሁ፣ የኔን አላወጣውም። እንግዲህ የምታነበው አንተ፣ ለአንተ ልናገር። የደፈርሁት ፊትህን ስለማላየው ይሆናል። እሱም ያው ፍርሃት ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔና ሲሳይ ላስታ ውስጥ ብልባላ ላይ የቀበሌ ሚሊሻ ነበርን። በፊተኛው መንግሥት ወታደር ስለነበርሁ መሣሪያ አዋቂው እኔ ነኝ። ክላሽ ፈትቶ መግጠሙን ለሁሉም ያስተማርሁ እኔ። «ጠመንጃ የሚከዳችሁ በካዝናው ነው» እያልሁ የምለፈልፍም እኔ። ካዝና ያው ጥይቱ የሚደረደርበት ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ሞላ አለው፣ ጥይቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ የሚገፋ። ሞላው ከደከመ ወይም አፉ ከጠመመ ጥይቱ በወጉ አይወጣም፣ ተጋድሞ ይነክሳል፤ መሣሪያው ዱላ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰውዬ የራሴን ካዝና ምን አደረግሁት? የመሣሪያ ዘይት ሲጠፋ ቅቤ ቀባሁት። ቅቤ! በላስታ ብርድ! ጠዋት ጠዋት እንደ ሰም ይረጋል፣ አቧራውን ሰብስቦ ይይዛል፣ ሲከርም ዝገት ነው። በየሠርጉ ስሞላው ሳራግፈው ሞላው ላላ። አንድ ቀን ደግሞ ድንጋይ ላይ ወድቆ አፉ ጠመመ፤ በመዶሻ አቃናለሁ ብዬ አባስሁት። ሞልቼ ብሞክረው ሁለት ተኩሶ ሦስተኛው ላይ ነከሰ።

ይህ በሆነ ሰሞን ከወረዳ መሣሪያ የሚፈትሹ ይመጣሉ ተባለ። ካዝናዬን እንዲህ ሆኖ ካገኙት ክላሹን ይቀሙኛል። መሣሪያ የተቀማ ወንድ በየትኛው ለቅሶ፣ በየትኛው ሠርግ ይቆማል? ያውም አስተማሪው! ያሳሰበኝ ስሜ ነው፣ ስሜ ብቻ።

ሲሳይ ካዝናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። የሱ ክላሽ በፊተኛው ዙር ተፈትሾ አልፏል፤ አሁን የሚመጡት ለቀረነው ነው። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መሣሪያ ይዞ ቅጽር መግባት ነውር ነውና አንዳችን ውጪ ወይራው ሥር እንጠብቃለን፣ ሌላው ገብቶ ያስቀድሳል። «አያ ደምሴ፣ ያዙልኝ እስቲ፣ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ልንቆርብ ነው» አለኝ። ክላሹን ጭኔ ላይ አኑሮ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ገባ። እሱ ሥጋ ወደሙን ሲቀበል እኔ ካዝናውን ነቅዬ በራሴው ካዝና ለወጥሁት፤ ጠማማው አፉ ክላሹ ውስጥ ስለሚገባ ከውጪ አይታይም። አዎ፣ እኔ ለወጥሁት። ማክሰኞ ተፈተሽሁ፣ ተመሰገንሁም። ከፍተሻው በኋላ እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ነገ ነገ እያልሁ ቀረ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያተኛ የሚዘርፉ ሽፍቶች ስለነበሩ መንገድ ልንጠብቅ ወጣን፤ እኔ ከላይ ከጋራው፣ ሲሳይ ከታች ከመንገዱ ዳር። መጡ። ሲሳይ ሁለት ተኮሰ፤ ሦስተኛው ነከሰበት። ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ከድንጋይ ኋላ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩም በጥርሱም ይታገላል። ወርጄ እስክደርስ በቅሎና አህያውን ነድተው፣ የአንድ ሽማግሌ ክንድ በሰደፍ ሰብረው ሄደዋል። ገበያተኛው ያየው ግን ሚሊሻው ሲሳይ ድንጋይ ሥር ሲሸጎጥ ነው። «ኧረ ነክሶብኝ ነው፣ በማርያም!» አለ። ማን ይስማው?

የቀበሌው ሊቀ መንበር «ደምሴ አዋቂ ነው፣ እሱ መርምሮ ይንገረን» አለ። ክላሹን ተቀብዬ ጓዳዬ ገባሁ። ዘግቼ የሲሳይን ደህና ካዝና ወደ ቦታው መለስሁ። ከዚያ ወጥቼ ሕዝቡ ፊት አሥር ጥይት ወደ ገደሉ ተኮስሁ። አንድም አላወላዳም። «መሣሪያው እንከን የለበትም» አልሁ። ፊተኛውን ሞኝነት በለው። ይኼኛውን ምን ትለዋለህ? ሲሳይ ካዝናውን አየ፣ እኔን አየ።

ክላሹን ተቀማ። በየሠርጉ ሴቶቹ ግጥም አወጡለት፦

ክላሹን ተቀበል፣ ለሚስቱ ስጣት፤
ሲሳይ ድንጋይ አለው የሚደበቅባት።

እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል! ወይ እኔ፣ እጄን በቆረጠው።

ከዓመታት በኋላ ሲሳይ ለልጁ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ሲመርጥ እኔንም ለመነኝ፤ ሄድሁ። የልጅቷ አባት «የድንጋይ ሥሩ ሲሳይ ልጅ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ደምሴ፣ አንተ በቦታው ነበርህ። እውነት ነክሶበት ነው ወይስ ፈርቶ? አንተ ካልህ አምናለሁ፣ ልጄንም እሰጣለሁ።» አንዲት ቃል ነበር የፈለጉት። ሲሳይ አጠገቤ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። «እኔ ያኔ ከላይ ነበርሁ፣ በቅጡ አላየሁም» አልሁ። ልጅቷ ለሌላ ተዳረች። ልጁ አገር ጥሎ ጠፋ፤ ሲሳይም ከብቱን ሸጦ ጋሸና ከተማ ገባ።

በቅርቡ ጋሸና መኪና ስጠብቅ አየሁት። ሸብቷል። ከጭነት መኪና ጆንያ ያወርዳል። ሻይ ጋበዘኝ፤ እሱ እኔን! «ሲሳይ፣ ያ ካዝና…» ከማለቴ ቀደመኝ።

«አውቃለሁ አያ ደምሴ። የራሴን ካዝና እስታለሁ? ያኔ አሥሩን ጥይት የተኮሱ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ማን ያምነኛል? ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው። ዛሬ ባይናገሩ ነገ ይናገራሉ እያልሁ። ለልጄ ሽማግሌ የመረጥሁዎ ለምን ይመስልዎታል?»

መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ይቅር በለኝ እንኳ አላልሁትም፤ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ሮጥሁ። ሽበቴን ይዤ ሮጥሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰንበቴ አለፈ። ያ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ፣ የልጅቷም አባት ጭምር፣ አብሮኝ ይቀመጣል። ተነስቼ «ሲሳይ አልፈራም፣ ካዝናውን የለወጥሁበት እኔ ነኝ» ልል እቃጣለሁ። «አያ ደምሴ፣ ጨምሩ እንጂ» ይሉኛል፣ እጨምራለሁ፣ እጎርሳለሁ። ለአንተ መናገሬስ ለሲሳይ ምን ይረባዋል? አንተ አታውቀው፣ እሱም አያውቅህ። ስለዚህ እግዜር ይማርህ አትበለኝ። መናገር ያለብኝ ቦታ ገና አልተናገርሁም።