የልጄን ጎሳ ፍለጋ ወደ ጨለለቅቱ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ከምሥራቅ ጋር ከዲላ መናኸሪያ ተነሣን። ምሥራቅን የወለድኳት እኔ አይደለሁም። እናቷ በወሊድ ስትሞት አባቷ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በጉዲፈቻ ሰጠኝ፤ ኋላ እሱም ዐረፈ። ይህን እሷም ሰፈሩም ያውቃል። ጌዴኦ መሆኗንም ታውቃለች፤ የማታውቀው ጎሳዋን ነው። ጌዴኦ ደግሞ ከገዛ ጎሳው አያገባም። ዘንድሮ ጓደኞቿ «ጎሳሽ ማነው?» ሲሏት ወደ እኔ መጣች።

«እማዬ፣ ሳላውቅ ወንድሜን ባገባስ?» አለችኝ።

አጎቷ አቶ በራሶ ጨለለቅቱ አካባቢ እንደሚኖሩ አባቷ ነግሮኝ ነበር። መሄዱንስ ሄድኩ፤ ግን «ደማችን ናት፣ እዚሁ ትቅር» ቢሉኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ጭኗል። ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ ቡናው ቀልቷል። ይርጋጨፌ ወርደን ሻይ በፓስቲ ቀመስን። የእኔንም ምሥራቅ በላችልኝ። ከዚያ በሌላ መኪና ጨለለቅቱ ደረስን፤ ዳገቱን በሞተር ወጣን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወርደን ጭቃውን በእግር አለፍን።

ሞተረኛውን አቶ በራሶ በር ላይ «እንዳትሄድ፣ አሁን እንመለሳለን» አልኩት።

አጎቷ ቤት

አቶ በራሶ ልጅቷን ሲያዩ ቆመው ቀሩ። «ግንባሯ የወንድሜ ነው!» ብለው አቀፏት። በጌዴኦኛ ብዙ አወሯት፤ እሷ ግን ቋንቋውን ስለማታውቅ ወደ እኔ ታያለች።

ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ቋንቋችንን አላስተማርሻትም?»

«እኔ ጉራጌ ነኝ እትዬ፣ ከየት አምጥቼ?»

አልሳቁም። «እዚህ ብትቆይ ትለምድ ነበር» አሉ።

ወደ ደጅ ባይ ሞተረኛው ቁጭ ብሎ ከእንሰት ቆጮ የተሠራውን ዋሳ በጎመን ይበላል። ለእኛም ዋሳው ቀረበ፤ ቆጮ ያደግኩበት ምግብ ቢሆንም ሳልነካው ተቀመጥኩ።

አቶ በራሶ ጎሳዋን ነገሯት። ከዚያ አባቶቿን ከአባቷ ጀምረው ወደ ላይ ይጠሩላት ጀመር፤ እሷ ትከተላለች። ስትሳሳት ያስደግሟታል። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺ አባት ማን ይባላል?»

«የእኔ ለምን ያስፈልጋል?» አልኩ።

«ንገሪኛ! አያትሽስ?»

ነገርኳቸው። እሳቸውም ለምሥራቅ «ከእኛ ጎሳ አታገቢም፤ ከእሷም ዘመድ አታገቢም። ያሳደገችሽ እናትሽ ናት፤ ወገኗ ወገንሽ ነው» አሏት።

ባለቤታቸው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ብይ እንጂ! ጉራጌ ሆነሽ ዋሳ ትፈሪያለሽ? ደግሞ ለበዓል ትምጣ።»

«ትመጣለች» አልኩ።

«አንቺስ? እግር የለሽም?»

ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ በላሁም። ሞተረኛውን «ሂድ» ብለው ሴትየዋ ራሳቸው ሰደዱት። እኛን ማታ የአጎቷ ልጅ እስከ መኪናው ሸኘችን።

ዲላ

ቤታችን ስንገባ መሽቷል። ምሥራቅ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባቶቿን ደጋግማ ጠራች። እኔ ስፈራ የኖርኩት ዘመዶቿን ካገኘች እኔን ታጣለች ብዬ ነው፤ ለካ ሰውየው እኔንም ከዘመዶቿ ቆጥረውኛል። ፊደል ብዙም ስለማልዘልቅ ስሞቹን በቃሌ መያዝ ጀምሬአለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌ ለጋብቻ ተልኮ «የማን ልጅ ናት?» ሲል የምመልሰው እኔ ነኝ።