ቀፎ ያለበት ዋንዛ

ሽማግሌው ከቦንጋ መጥተው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ወዳጅ ያደረጉት በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የቆመውን ዋንዛ ብቻ ነው። ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሊሆን፣ ዛፉም ሊቆረጥ መሆኑን የሰሙ ዕለት የነተበች ካፖርታቸውን ደርበው ወጡና ባዶ ቀፎ ሰቀሉበት። በእሳቸው አገር ጫካ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለውና መጥረቢያ አይነካውም።

«አባባ፣ ንቡ በአውሮፕላን ሊመጣልዎት ነው?» አለቻቸው ጎረቤታቸው ናኦሚ እየሳቀች።

«ንቡ ቢቀርም ሰው ያያል፣ ልጄ።»

ሰው ግን ቀና ሳይል ያልፋል፤ ቀና ያለውም ትርጉሙን አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ልጃቸው ሥራ ስትወጣ እሳቸው ወርደው ከዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቀፎው ምንም ላልነገረው ሰው ባለቤቱ ይታየው ብለው።